ሰላምታ የሚያበዛው ማሽን

ሰውን በሚያህል ክቡር ፍጥረት ላይ ማሽን እንዴት ይጮኻል ተባለና ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሕክምና መሣሪያ ሁሉ «ጢጥ ጢጥ» ማለቱን ትቶ፣ በወጉ ሰላም ሳይል አያስጠነቅቅም። ወይዘሮ የሺመቤት ሽንኩርት ሲከትፉ የባለቤታቸው የጋሽ ውብሸት የኦክስጅን ማሽን ከመኝታ ቤት ተጣራ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆች ደህና?»

«ደህና፣ ተመስገን።»

«ጎረቤትስ? ዘመድ አዝማድስ?»

«ሁሉም ደህና!» አሉ፣ ሽንኩርቱ ዓይናቸውን እያቃጠላቸው።

«ጋሽ ውብሸትስ?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን፣» አለ የለመደ አፋቸው።

«እሰይ! ትንፋሽ አጥሯቸዋል ልልዎት ነበር፤ ደህና ከሆኑማ ትቼዋለሁ። ደህና ያምሹ።»

«አሜን፣» አሉ። ቢላዋው ከእጃቸው የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።