የሳል ሽሮፑ ቆብ

ይህን ብነግራችሁ አታምኑኝም... ዓይኔን ያጥፋው አታምኑኝም።

እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ሽንኩርት ልላጥ ተጠርቼ።

ሽንኩርቱ ተራራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንባ ስላለቀብኝ ለቅሶ ቤት መሄድ ትቻለሁ።

«ቆቤን የት አደረግሽው?» አለች ጄኔራሏ።

ጄኔራሏ የምንላት የቤቱን እመቤት ነው። ኩሽናዋ ውስጥ ዝንብ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትገባው።

የተጠየቀችው ምራቷ ናት... ልብስ ሰፊ። ካገባች ሰባት ወሯ ነው፤ እስከዚያ ቀን የጄኔራሏን ድስት የነካችው በዓይኗ ብቻ ነው።

ባሏ? ሹፌር ነው። ሁለቱን ሴቶች አንድ ጣሪያ ስር ትቶ መንገድ ላይ የሚያድር ብልጥ።

የዚያን ቀን የጄኔራሏ ባል፣ ሽማግሌው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሠላሳ ዘመድ ይመጣል። ሩዝ፣ ዶሮ፣ ኬክ... ከሁሉ በላይ ደግሞ በርሜል በሚያህል ድስት የስጋ ሾርባ።

ቆቡን ወርቅ እንዳይመስላችሁ... የድሮ የሳል ሽሮፕ ቆብ ነው። ቀይ ፕላስቲክ።

ጄኔራሏ ጨው የምትለካው በሱ ነው። ለሦስት ሰውም ሦስት ቆብ፣ ለሠላሳ ሰውም ሦስት ቆብ። አለቀ።

ቤቱ ተገለበጠ። ፍራሽ ተነሳ፣ ምንጣፍ ተራገፈ፣ የኔ ኪስ ሳይቀር ተፈተሸ። (ከኪሴ የወጣውን የዶሮ እግር ለጊዜው እንለፈው።)

ቆሻሻ ውስጥ እንፈልግ እንዳንል ደግሞ፣ ሽማግሌው በአርባ ዓመት ትዳሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠዋት ተነስቶ ቆሻሻውን ራሱ ወስዶ ደፍቶታል። ልደቱ ስለሆነ ደግ ሆነ አልን...

ምራቷ አልነካሁም ብላ ማለች። ማን ሰምቷት።

«ሆን ብለሽ ነው፤ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ» አለቻት ጄኔራሏ። «ቆቡ ካልተገኘ፣ ማታ እንግዳው ሲወጣ ሻንጣሽን ይዘሽ አብረሽ ትወጫለሽ።»

ምራቷም የዋዛ አይደለችም።

«ታዲያ ቀምሰው ይጨምሩበት እማማ። ምላስ ለምን ተፈጠረ?»

ድስቱ ራሱ መንተክተኩን ያቆመ መሰለኝ።

ጄኔራሏ ጨው በእፍኟ ዘግና ጨመረች። ደግማ ዘገነች... አምስት እፍኝ ቆጥሬ እኔ ነኝ የደከመኝ። ከዚያ በጭልፋ ቀዳች፣ ፉት አለች፣ ዋጠች፣ ከንፈሯን ጠረገች።

«ተስተካክሏል» ብላ ልብሷን ልትቀይር ሄደች።

ምራቷ ቀመሰች። እኔም ቀመስኩ።

ወገኖቼ... ባሕር ነው የጠጣሁት። ዓሣው የት አለ ብዬ ድስቱ ውስጥ ፈልጌያለሁ።

ተያየን።

ከሁለት ዓመት በፊት ጄኔራሏ አንድ ወር ሙሉ ታማ ተኝታ ነበር። ኩሽናዋን ለሰው የዘጋችው ከዚያ ከተነሳች ወዲህ ነው። ይህን ጨው ውጣ ዓይኗን ካላርገበገበች... ሴትዮዋ ምንም ጣዕም አይሰማትም ማለት ነው። ለካ ያ ቆብ ምላሷ ኖሯል።

ለምራቷ ጠላትሽ እጅሽ ገባች አልኳት። ወንበር ስበን እንቀመጥና ሠላሳ ሰው ባንዴ ሾርባ ሲተፋ እንይ አልኳት። በተለይ የሽማግሌው እህት... ሃያ ዓመት ሙሉ የጄኔራሏን ውድቀት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት።

ምራቷ ግን ሾርባውን ለሦስት ድስት ከፈለችው፣ ውሃ ጨመረች፣ ድንች መክተፍ ጀመረች... እየተሳደበች። ለእያንዳንዱ ድንች አንድ ስድብ። ድንቹ ቶሎ የበሰለው በእሳቱ አይመስለኝም።

እንግዳው ተሰበሰበ።

ጄኔራሏ ማንም ማንኪያ ሳያነሳ ቆማ አወጀች፤ ሾርባው ካልጣመ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ መለኪያዋን ይህቺ ምራቷ እንደጣለችባት።

ሠላሳ ራስ ወደ ምራቷ ዞረ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሻንጣዋ በሩ ስር ቆሟል።

የሽማግሌው እህት ማንኪያዋን አነሳች። ፊቷ ላይ የሙሽራ ደስታ ነበር። ቀመሰች... ደስታው ጠፋ።

«ጣፍጧል» አለች፣ ጥርሷን እንደሚነቅሏት ሁሉ። ሳህኗንም ድገሙኝ ብላ ዘረጋች።

ጄኔራሏ ሳህኑ ውስጥ እሷ ያልጨመረችውን ድንች አየች። ምራቷን በክንዷ ይዛ ኩሽና ከተተቻት። እኔ ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጀርባ ነኝ... ማን ያየኛል።

«መቼ አወቅሽ?»

«ያን ሁሉ ጨው ውጠው ተስተካክሏል ሲሉ።»

«ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«የአባባ እህት እንዲስቁብዎት አልፈለግሁም» አለች ምራቷ። «እርስዎን መጥላት የኔ ድርሻ ነው። ለማንም አላካፍልም።»

ጄኔራሏ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ከነገ ጀምሮ ትቀምሺልኛለሽ» አለች። «ድስቴን ግን አትነኪም።»

ሻንጣውን በእግሯ ገፍታ ወደ ጓዳ መለሰችው። ይቅርታ ማለት እሷ ዘንድ እንዲህ ነው።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ ወዳጆቼ... ኩሽናውን የሚቆልፍ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ የጎደለውን የሚደብቅበት ሌላ ክፍል የለውም። የሰውን ገበና ለመሸፈን ደግሞ የግድ መዋደድ አያስፈልግም።

እናንተ ምራቷን ብትሆኑ ሾርባውን ታድኑት ነበር... ወይስ ከኔ ጋር ወንበር ትስቡ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ብቻዬን ክፉ አታድርጉኝ።

ቆቡስ የት ገባ ለምትሉ...

ኬኩ ሲቆረስ ጄኔራሏ አላስችል ብሏት እንደገና ምራቷን ቆቤን የት ጣልሽው ብላ ያዘቻት። ምራቷ ለሁለተኛ ጊዜ ልትምል እጇን አነሳች።

አራተኛ ሳህን ሾርባው ላይ የነበረው ሽማግሌ፣ አፉን እንደሞላ አመለጠው፦

«ተዪያት፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። በሰባ ዓመቴ እንኳ አንድ ቀን ሰው የቀመሰው ምግብ ልብላ ብዬ።»