ስንት ልወጥርልዎ?

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱዲብዮ ራኬቱን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ከዓመት በላይ ሆነው፤ አንድም ሐሙስ አጓድሎ አያውቅም።

ዋርሲኒ የባድሜንተን ራኬት ክር ወጣሪ ናት። ሙያው የባሏ ነበር፤ እሱ ሲሞት ማሽኑም ደንበኛውም ለእሷ ቀረ። በዚያች የጃቫ ከተማ ባድሜንተን የማይጫወት ሰው ቢገኝ አንድም ሕፃን ነው፣ አንድም ሬሳ። ሥራ አትፈታም። ጉልበቷ ከተበላሸ ወዲህ ከደጃፏ ርቃ አታውቅም፤ ከተማዋ ያላት አንድ አዳራሽ ደግሞ ከሩዝ ወፍጮው ማዶ ነው።

«ዛሬስ ስንት ልወጥርልዎ ጋሼ ሱዲብዮ?»

«ሃያ አራት ፓውንድ ይሁን።»

«ባለፈው ሃያ ሁለት ብለው ነበር።»

«ላላብኝ።»

«ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት አሉና ጠበቀብኝ አሉ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ሠላሳ ዓመት ተጫውተው የገዛ ቁጥርዎን አያውቁም? ሚስት የመረጡት እንዲህ እያመነቱ ነው?»

«እሷ ናት የመረጠችኝ» አለ ሱዲብዮ፤ ይዞ የመጣውን የሙዝ ጥብስም ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ፓውንዱ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይጠብቃል። የጠበቀ ክር የላባ ኳሷን ልክ ወዳሰቡት ቦታ ይሰዳታል፤ ጉልበቱ ግን ከክንድ መምጣት አለበት። የላላ ክር ራሱ ይወረውራል፤ ለደከመ ክንድ ያዝናል። ስለዚህ ዋርሲኒ ቁጥር ከመጠየቋ በፊት ክንድ ታያለች። የሱዲብዮን አይታዋለች። ሻዩን የሚያነሣው በግራ እጁ ነው። ቀኙ ከትከሻው በላይ አይወጣም።

አንድ ጊዜ ልትፈትነው ብላ ሃያ ስድስት ያዘዘውን አሥራ ስምንት ወጠረችለት። በሳምንቱ «ጠበቀብኝ» ብሎ መጣ።

ሰውየው አይጫወትም። ክሩን በመቀስ እየቆረጠ ነው የሚያመጣው።

መቀሱማ ባላሳጣው። አንድ ክር ሲበጠስ ቀሪውን ወዲያው መቁረጥ ነው፤ አለዚያ የራኬቱ ክብ ይጣመማል። ይህንን ለአዳራሹ ሰው ሁሉ እየተቆጣች ያስተማረች ራሷ ናት፤ የሁሉም ራኬት ክሩ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። እሱን ያጋለጠው ትከሻው ነው።

አልነገረችውም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ «ወሬ ናፍቆኝ መጣሁ» ለማለት ያፍራል። ብቸኝነትን እሷም ታውቀዋለች። እስካሁን ማታ ማታ ሁለት ብርጭቆ አውጥታ አንዱን መልሳ የምትሰቅልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ እጇን ታዘገያለች። በሌላው ቀን ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ልጇ ረትኖ ከሴማራንግ ከተማ ደወለች።

«እማዬ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል። ለጾም ፍቺው መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ዘንድሮ እምቢ የለም።»

«ደንበኞቼንስ ማን ላይ ልጣላቸው?»

«አሁንም ይመጣሉ?»

«ከመቼውም በላይ! ድሮ አንዱ ጠበቀ፣ አንዱ ላላ እያለ ያቃጥለኝ አልነበር? ይኸው ዓመት አለፈው፣ ከአንድ ሽማግሌ በቀር የመለሰብኝ ሰው የለም። እጄ ገና አሁን ነው የበሰለው።»

«ሽማግሌው ማነው ደግሞ?» ረትኖ ሳቀች።

«አትሳቂ። ምስኪን ነው። እኔ ከሄድኩ ሐሙስን የት ይውላል?»

በዚያ ሳምንት ሱዲብዮ ዝናቡ ሳይዘው ልሂድ ብሎ ራኬቱን ሳያልቅ ትቶ ወጣ። ዋርሲኒ ለትከሻው እንዲስማማ ሃያ ፓውንድ ወጠረችው። የምትለውንም አዘጋጀች። «ጋሼ ሱዲብዮ፣ ክር አይቁረጡ። እንዲሁ ይምጡ፤ ሻዩ አይቀርብዎትም። እኔም የትም አልሄድም።» ይህን ለማለት ሳምንቱ ረዘመባት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዐሥር ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሱዲብዮ አልመጣም።

ቤቱን አታውቀውም፤ የሚያውቅ ቢኖር የአዳራሹ ሰው ነው። ለረትኖ እሁድ መልስ መስጠት አለባት፤ እሱን ሳታገኝ ምን ብላ? ከዘራዋን አነሣች። መሄዴ ካልቀረ ብላም የሳምንቱን ሥራ ሁሉ አቀፈች፤ የትምህርት ቤቱን መምህርት፣ የክሊኒኩን ነርስ፣ የወንድማማች ልብስ ሰፊዎቹን፣ የሌሎቹንም፣ ከሱዲብዮ ጋር ሰባት ራኬት። ጎበዝ ደንበኞች ናቸው። አንድ ጉድለት ቢኖርባቸው እሁድ ማን አሸነፈ ስትላቸው «ያው ነው» ብለው መቸኮላቸው ነው።

አንድ የባለ ፔዳል ጋሪ ነጂ ደግፎ አሳፈራት።

«ወዴት ነው እትዬ ዋርሲኒ?»

«ወደ አዳራሹ።»

ነጂው ራኬቶቹን አየ። «ወደ አዳራሹ?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት። ከዚያ ፔዳሉን ረገጠ።

የአዳራሹ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ዋርሲኒ በከዘራዋ ደበደበችው። አንድ ዘበኛ እያዛጋ ከፈተላት። ከኋላው እስከ ጣሪያው ድረስ የሩዝ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጆንያው ሥር አንድ ነጭ የሜዳ መስመር ወጣ ብሎ ይታያል።

«ተጫዋቾቹን ፈልጌ ነው» አለች ዋርሲኒ፣ ሰባቱን ራኬት እንዳቀፈች። «ዛሬ አይጫወቱም እንዴ?»

«ባድሜንተን? ኧረ እማማ! አዳራሹ ከተሸጠ ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ራኬቱን ያልሰቀለ ሰው የለም።»