የማሽኑ ምት

«ዝጉልኝ ይሄን ቆርቆሮ!» አለ ድራመሩ፣ ገና ካሴቱ መዞር ሲጀምር።

ሬዲዮ ጣቢያው የጠራቸው ድሮ ከተማውን ሁሉ ያስጨፈረውን የሲንተሳይዘር አልበም እንደገና ሊያሰማ ነው። ያኔ ባንዱን በትኖ፣ ድራመሩን ከበሮ በሚመታ ማሽን ተክቶ አልበሙን ብቻውን የሠራው ኪቦርዲስቱ ዳምጠው አጠገቡ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

«አንተ ሌባ፣ እንጀራዬን ለብረት ሰጠህ! ነፍስ የለው፣ ምን የለው!»

ዳምጠው ሳቅ አለ። «ዛሬም አልበረደልህም? እስቲ አፍህን ዘግተህ ስማ።»

ሰማ። ምቱ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ እንደሚያነክስ ሰው። ሳያስበው ጭኑን መታ መታ ሲያደርግ፣ በልጅነቱ በር የጨፈለቃት ጣቱ ከምቱ እኩል ዘገየች።

ደነገጠ። ማሽኑ አዲስ የመጣ ሰሞን ዳምጠው «እስቲ ሞክረው» ብሎት፣ እሱ ቁልፎቹን በጣቶቹ እየመታ በማሽኑ ሲያሾፍ ነበር የዋለው። ለካ ዳምጠው ያን ምት በማሽኑ እየቀዳው ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት በየመጠጥ ቤቱ ሲሰድብ የኖረው የገዛ እጁን ነው።

ጋዜጠኛዋ ማይኩን አስጠጋችለት። «ጋሼ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን። ታዲያ ይሄ ምት ነፍስ አለው ወይስ የለውም?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?