ጉንፋን የያዛት አሮጊት አይጥ

ሾርባ የያዘውን ፔርሙዝ የኤዶ ዐዎ በር ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚለየን መጋረጃው ብቻ ነው።

«ግቢ እንጂ!» ይላሉ ከውስጥ፣ በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያልኩ የምጠራቸው ሴትዮ። አልጋቸው በሩ አጠገብ ነው። ድምፃቸው ሳስቷል። ሳንባቸውን ታመው ከሆስፒታል የወጡት ትናንት ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ገብቶ ጠይቋቸዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቼን ገና ከተወለዱ ጀምሮ ያቀፉልኝ ጎረቤታቸው።

«አልገባም ኤዶ። ጉንፋን ይዞኛል።»

«በዚህ በጅግጅጋ ንፋስ ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ?»

ልጃቸው ነስራ ወጥታ ፔርሙዙን ታነሳለች። ቀና ብላ አታየኝም።

«ንገሪኝ ወለተሐና» ይላሉ ኤዶ። «ቤቴ ሸተተሽ?»

እንባዬ ይመጣል። «ልጄ ሶሲና ናት የከለከለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦች ትንከባከባለች፤ ወጣትም አሮጌም። እርጅና በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ምን እንደሚያደርገው ያጠናሉ። አሮጌዎቹም ነጭ የደም ሴል አላቸው አለችኝ። ግን አዲስ በሽታ ሲገባ ሴሎቹ ቶሎ አይለዩትም፣ ቶሎም አይባዙም። ወጣቷን በሳምንት የሚለቃት ጉንፋን አሮጊቷን...»

አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ።

ኤዶ ይስቃሉ።

«ወላሂ፣ ያቺ ልጅ ከአይጥ ጋር ቆጠረችኝ? ያዘልኳት ለዚህ ነው?»

«ስለምትወድዎት ነው ኤዶ።»

ሳቁን ሳል ይቆርጠዋል። ሳሉ አልቆም ይላል። ነስራ ሮጣ ትገባለች። የእኔም እግር ይነሳል፤ ግን መልሼ እዚያው አወርደዋለሁ።

ሳሉ ሲበርድላቸው ቀስ ብለው ይጠይቁኛል።

«አሮጊቷ አይጥ ምን ሆነች?»

ድናለች ልላቸው አስባለሁ። ትናንት ማታ ሶሲና እራቷን ሳትበላ መተኛቷ ትዝ ይለኛል።

«ሞተች፣ ኤዶ።»

ንፋሱ መጋረጃውን ይነፋዋል፣ መልሶም ይጥለዋል።

«ነስራ» ይላሉ። «ለሶሲና እናት ወንበር አውጪላት። እዚያ ዛፉ ሥር። ሾርባዬን ጠጥቼ እስክጨርስ አትሄድም።»

እቀመጣለሁ። እኔና ኤዶ ስንገናኝ ሰላምታችን እጅ መሳሳም ነው፤ እሳቸው የእኔን፣ እኔ የእሳቸውን። አሁን በመጋረጃው ጠርዝ አንድ ቀጭን እጅ ይወጣል፤ መዳፉ ተዘርግቷል።

ከዛፉ ሥር ሆኜ፣ እንዲሰሙኝ ድምፅ አውጥቼ፣ የራሴን እጅ እስማለሁ። የኤዶ ጣቶች አንድ ነገር እንደተቀበለ ሰው ቀስ ብለው ይጨበጣሉ፤ እጃቸውም ወደ ውስጥ ይመለሳል።