ሰውየው ያልሰማው

«ንጉሥ ሆይ፣ ከጦር ሜዳ ነው የመጣሁት። ልጅዎ…»

ኑሬ እንደገና እዚያው ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑንም ከአቶ ጆቴ ፊት አሽሽቶ መጋዘኑ ጥግ የተከመረው ቆዳ ላይ ጣለው።

«ምነው ዛሬ ምላስህ ታሰረ?» አሉ አቶ ጆቴ፣ ዙፋን ከተባለው ሣጥን ላይ ሳይነሱ። «አቡጀዲ ስትሸጥ እንዲህ አይደለህም! ልጄ መሞቱን ካልነገርከኝ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?»

ማንም አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን ወታደር ሆነው የሚጫወቱት የጣቢያው ተሸካሚዎች በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

አለማየሁ ጨዋታውን የጻፈበትን ወረቀት አንስቶ የሚያነብ መሰለ። የአዳማ ጣቢያ ስልከኛ እሱ ነው፤ ወሬውን ጠዋት ከአዋሽ የተቀበለው ራሱ ነው። ለአዋሽ ሰው የተዳረችው ደራርቱ፣ የአቶ ጆቴ አንድያ ልጅ፣ በምጥ ሞታለች። ሕፃኑም አልተረፈም። ከአባትየው በቀር እዚህ ያለው ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ አለማየሁን ለብቻው ጠርተው፣ «መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመዶቹ ከሞጆ እስኪደርሱ ጆቴን በዚያ በጨዋታችሁ ያዝልን» አሉት። እሺ አለ። ቀላል መስሎት ነበር።

«አንተ ፈረንጅኛ የተማርክ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ አቶ ጆቴ። «ይኼ ንጉሥ መልእክተኛው ከመግባቱ በፊት ያን ያህል የሚስቀው ለምንድን ነው?»

አለማየሁ ይህን ጥያቄ ለወራት ሲጠብቀው ኖሯል። ፈረንሳዮቹ ትራዤዲ የሚሉትን በአማርኛ ምን ይበለው? «አሳዛኝ ጨዋታ» ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ መልሶ ጽፎታል። የሳቁን ምክንያት ግን አጥርቶ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ቢያገኝ በደስታ የሚያስረዳው ነገር ነበር።

«ተመልካቹ ስለሚያውቅ ነው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል፤ ሰውየው ግን አያውቅም። የሚያስለቅሰው ሳቁ ነው።»

«ሁሉም ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«አውቀው ዝም ብለው ያዩታል? ያ ዋቃ! ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዘመድ የለውም?»

«ሊነግሩት አይችሉም። ሰዓቱ አልደረሰማ።»

«ጭካኔ ነው» አሉ አቶ ጆቴ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ፈካ። «ለማንኛውም ቶሎ በሉ፣ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያ መገኘት አለብኝ። ከአዋሽ ወሬ አያጣም። አያት ልሆን እኮ ነው! ያን ጊዜ ንጉሥነቱን ለኑሬ እለቅለታለሁ።»

ኑሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አለማየሁ አፉን ከፈተ። ሊነግራቸው ይሁን ሊዋሻቸው ራሱም አላወቀም። በዚያው ቅጽበት በሩ ሲጢጥ አለና የአቶ ጆቴ ጎረቤት ዘርፉ ገባች፤ ሰፍታ የጨረሰችውን የንጉሥ ካባ በክንዷ ይዛለች።

«ቶሎ አድርሺ ስላላችሁኝ…»

ዓይኗ አብጧል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው የለበሰችው። ሴቶቹ ተደብቀው ከሚያለቅሱበት ቤት በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ መልሳ መልበሱን ረስታዋለች።

አቶ ጆቴ ጥለቱን አዩት። ከዚያ የኑሬን ጀርባ አዩ። ከዚያ ያቀረቀሩትን ተሸካሚዎች። በመጨረሻ ዓይናቸው አለማየሁ ላይ አረፈ።

«ጋሼ ጆቴ፣ እኔ…»

«ተው።» እጃቸውን አነሡ። «አንተ አትንገረኝ። ገና ልጅ ነህ። የሚነግሩኝ ሰዎች ጠዋት ይመጣሉ።»

ዘርፉ እጇን ወደ አንገቷ ስትሰድ ካባው ወደቀ። አቶ ጆቴ ጎንበስ ብለው አነሡት፣ አቧራውን አራገፉለት፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ተመልሰው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡና የካባውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ከመጀመሪያው እንያዘው» አሉ። «መልእክተኛው ገና ሳይመጣ ካለው ላይ።»

ንጉሡ ከዘመቻ የሚመለስ ወንድ ልጁን የሚጠብቅበት ቦታ ነበር። ኑሬ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨለማው ጥግ አፈገፈገ። አቶ ጆቴ ቀና አሉ።

«በሩን ክፈቱ!» አሉና ሳቁ፤ አለማየሁ ለወራት ለምኖ ያላገኘውን ሳቅ ሳቁ። «በሩን ክፈቱ፣ ልጄ መንገድ ላይ ነች!»

ማንም አላረማቸውም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሄደና የመጋዘኑን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።