እስከ ሠላሳ የማይላላ ፈገግታ

ኅዳር 27 ቀን 2082 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሐዋሳ ውስጥ አስተናጋጅ የሆነችው ስምረት ወደ እናቷ ለቅሶ ቤት ፈገግ ብላ ገባች።

ፈገግታው የእሷ አልነበረም። በዚያን ዘመን አስተናጋጅ ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው በቲፕ ነው። ቲፑንም የሚወስነው ካሜራ የተገጠመለት ጠረጴዛ ራሱ ነው፣ የአስተናጋጁን ፊት እያየ። ስለዚህ ሁሉም ጉንጫቸው ሥር ፈገግታ የሚይዝ ቀጭን ሽቦ ያስቀብራሉ። መንግሥት የወሩን የቲፕ ግብር እስኪቆርጥ ድረስ ፈገግታው የግብሩ መያዣ ነው፤ ሽቦው የሚላላው ግብሩ በሚቆረጥበት ቀን፣ ወሩ በገባ በሠላሳ ብቻ ነው።

"ይቺን እዩልኝ! እናቷ ሞታ ጥርሷን ታገጣለች!" አሉ አክስቷ እትዬ ደብሪቱ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ።

"እትዬ፣ ሽቦው እኮ ነው..."

ስምረት ዋይ ልትል አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ግን ወደ ጆሮዋ ተሳበ። እንባዋ በፈገግታዋ ላይ ሲወርድ የደስታ እንባ መሰለ።

ታላቅ እህቷ ወለላ ከለቀስተኞቹ መካከል ተነሥታ መጣች። ነጠላዋን አውልቃ የስምረትን ፊት ሸፈነችና ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

"ዝም በይ የኔ እናት። የአንቺንም እኔ አለቅስልሻለሁ" አለቻት። ከዚያም ድምፅዋ እስኪዘጋ ለሁለታቸውም አለቀሰች።

ስምረት በማግስቱ ሥራ ገባች፤ ደመወዝ የሌለው ሰው የሐዘን ፈቃድ የለውም። በሠላሳ ግብሩ ተቆረጠ፣ ሽቦውም ላላ። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ እናቷ ቤት ሮጠች።

ድንኳኑ በዚያው ቀን ጠዋት ተነቅሎ ነበር።