የሦስት ቀን ሐራራ

ዛሂራ የመጀመሪያውን ስኒ ስትዘረጋላት፣ እናቷ እፀገነት በሁለት እጇ ተቀብላ ፊቷን እንፋሎቱ ላይ ደፋች።

«እሰይ! ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ የሰነበተው ይኸው ሐራራው ነው» አለች።

ይቺ ሴት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ቡና ስትሸጥ የኖረች፣ ሲርባትም ሲደክማትም ስትናደድም ቡና የምትል ሰው ናት። ሐኪሙ «የደም ግፊትሽ አላማረኝም፤ ቡና ቀንሺ፣ ክኒኑን ደግሞ እንዳታቋርጪ» ቢላት፣ «ቡና የገደለው ሐበሻ የት ነው የተቀበረው?» ብላ ሳቀችበት። ጦርነቱ መጣና ሐኪሙም ሄደ፣ ገበያውም ተቃጠለ። ክኒኑ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ቡናው ካለቀ ሦስት ቀን።

ትናንት ጎረቤታቸው ሰብስቤ ለገበያ ድልድዩን አልፎ ወደ ኦምዱርማን ሊሻገር ሲል በራቸው ላይ ቆሞ ነበር።

«ያላ፣ ቶሎ በሉ! የሰጣችሁኝ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ቡና ነው ክኒን?»

ዛሂራ እናቷን አየቻት። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ግድግዳ ተደግፋለች። ቡና የለመደ ሰው ሲያጣው ራሱን እንደሚያመው የማያውቅ ሐበሻ አለ እንዴ? «ቡና» አለችው። ምነው ምላሷን በቆረጠው!

«ቀለል አለሽ፣ ዩማ?» አለቻት አሁን እናቷን፣ የመጀመሪያውን ስኒ ስትጨርስ።

«ወላሂ ተገላገልኩ። ድገሚኝ።»

ሁለተኛው ስኒ ከቀኝ እጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። እፀገነት ጣቶቿን የሌላ ሰው ይመስል አየቻቸው። ልትስቅበት ስትል የከንፈሯ ግማሽ ብቻ ሳቀ። «ዛ... ዛ...» አለች፤ የልጇ ስም አልወጣልሽ አላት። አፏ ውስጥ የቀረው ቡና በአገጯ ወረደ።

ዛሂራ ጮኸች። ቡናውን ገዝቶላቸው የተመለሰው ሰብስቤ ከጎረቤት በሩን በርግዶ ገባና አንዴ አይቷት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ረክሻ ፈልግ! ሐኪም ቤት እናድርሳት!»

«የቱ ሐኪም ቤት፣ የኔ ልጅ? የዚህ ሰፈሩ ግድግዳው ነው የቀረው። ድልድዩንም እስከ ነገ ጠዋት አያሳልፉም።»

«ሐራራ መስሎኝ እኮ ነው፤ ለካ ግፊቷ ኖሯል!» እናቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት። «ክኒኑስ... ኦምዱርማን ነበረ?»

ሰብስቤ ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር፤ አፉ ግን አልታዘዘለትም።

«ቡናውን የሸጠችልኝ ሴት የተቀመጠችው ፋርማሲው በር ላይ ነው።»

እፀገነት ሁሉንም ሰምታለች። የቀረችላትን ግራ እጇን አነሳችና የልጇን እንባ ልትጠርግ ሞከረች። እጇ ቡና ቡና ይሸታል።